የ51 ሥዕሎች ዋጋ፦ በየካ አባዶ የሚኖር የአንድ ሠዓሊ የክፍያ ጉዳይ

በጥር ወር 2015 ዓ.ም. ለሕፃናት የንባብ መጻሕፍት የሚያዘጋጅ አንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት የሦስት መጻሕፍትን ሥዕል እንድሠራለት ጠየቀኝ። እያንዳንዱ መጽሐፍ 16 የውስጥ ሥዕሎችና አንድ ሽፋን ስለነበረው በድምሩ 51 ሥዕል ማለት ነው። ዋጋ ስጠየቅ ለአንዱ ሥዕል 700 ብር አልኩ፤ ጥያቄው የቀረበልኝ በስልክ ነበር፣ መልሱንም የሰጠሁት እዚያው ስልክ ላይ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ ያው ድርጅት ተመሳሳይ ሦስት መጻሕፍት ይዞ ሲመጣ ያቀረብኩት ዋጋ ለአንዱ ሥዕል ሲካፈል 2,382 ብር ሆነ። ልዩነቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ግን እጄ ሦስት እጥፍ አልሠለጠነም፣ ገበያውም ሦስት እጥፍ አልተወደደም። የተለወጠው አቆጣጠሬ ነው።

ጉዳዩን ከነቁጥሩ የምጽፈው በሙያችን ላይ ከሚደርሰው ጉዳት አብዛኛው ዋጋችንን እርስ በርስ ከመደባበቃችን የሚመጣ ነው ብዬ ስለማምን ነው። የድርጅቱንና የሰዎቹን ማንነት አልገለጽኩም፤ ቁጥሮቹ ግን ከማስታወሻ ደብተሬ፣ ከባንክ መግለጫዬና ከተፈራረምናቸው ውሎች የተወሰዱ ናቸው።

የመጀመሪያው ሥራ

በአንድ የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ አራት ዓመት በግራፊክስ ዲዛይነርነት ሠርቼ በ2014 ዓ.ም. ስለቅ የወር ደመወዜ 9,500 ብር ነበር። በግሌ ለመሥራት ስወስን የቤት ኪራይ የሚቀንስበትን ቦታ ፈልጌ ወደ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ወጣሁና ባለአንድ መኝታ ቤት በ7,000 ብር ተከራየሁ። ከከተማ ዳር መኖር በዋጋ ላይ ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን ያመጣል። ኪራዩ ከመሀል ከተማው ያነሰ በመሆኑ ባለሙያው ዝቅተኛ ዋጋ መጥራት የሚያስችለው ይመስለዋል፤ ደንበኛውም «አንተ እኮ ዳር ነህ፣ ወጪህ ትንሽ ነው» ይለዋል። በሌላ በኩል ቦሌ ላይ ለተያዘ የአንድ ሰዓት ስብሰባ ከጠዋቱ የታክሲ ሰልፍ ጀምሮ በጣፎ በኩል መገናኛ፣ ከመገናኛ ደግሞ በሌላ ታክሲ ወደ ቦሌ መድረስና መመለስ ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴም ሙሉ ቀን ይወስዳል። በኪራይ ያተረፍኩትን በመንገድ መልሼ እንደምከፍል ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

700 ብር የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? በዚያው ሳምንት ሁለት የሙያ ጓደኞቼን ጠይቄ ነበር። አንዱ 600 ብር፣ ሌላው 800 ብር አሉኝ፤ እኔም መካከሉን ያዝኩ። ኋላ ላይ ቁጭ ብለን ስንነጋገር አንደኛው ያንን ዋጋ ከሌላ ጓደኛው እንደሰማው፣ ሁለተኛው ደግሞ ከሦስት ዓመት በፊት ያስከፍል የነበረው እንደሆነ ነገሩኝ። ከሦስታችን አንዳችንም ለአንድ ሥዕል ስንት ሰዓት እንደምናጠፋ ቆጥረን አናውቅም ነበር። በዚህ መንገድ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዞረውን ቁጥር «የገበያ ዋጋ» ብለን እንጠራዋለን፤ ነገር ግን ገበያ ውስጥ ሽንኩርት የሚሸጥ ሰው ቢያንስ የገዛበትን ያውቃል።

ሥራው ሲጀመር በቀን ሁለት ሥዕል ብሠራ በ26 ቀን እጨርሳለሁ ብዬ ነበር። ረቂቆቹን በሦስት ሳምንት ውስጥ አቅርቤ ተቀባይነት አገኙ፤ ማቅለም ጀመርኩ። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ረቂቆቹን ያየችው የፕሮጀክት ባለሙያዋ ብቻ እንደነበረች፣ ከእርሷ በላይ የቋንቋ ባለሙያ፣ የሥርዓተ ትምህርት አማካሪና የፕሮግራም አስተባባሪ እንዳሉ የተረዳሁት ያቀለምኳቸውን 17 ሥዕሎች ካስረከብኩ በኋላ ነበር። ሁሉም በተለያየ ጊዜ አዩአቸው። በአንደኛው መጽሐፍ ውስጥ አንዲት ልጅ ውኃ የምትቀዳበት ገጽ ነበር፤ አንደኛው ገምጋሚ ቢጫው ጀሪካን በእንስራ እንዲለወጥ ጠየቀ፤ እንስራው ሲሳል ሌላኛዋ ገምጋሚ የዛሬ ልጅ እንስራ አይቶ አያውቅም በማለት ጀሪካኑ እንዲመለስ አዘዘች። ጀሪካኑ ሲመለስ ደግሞ የታሪኩ ጽሑፍ ተሻሽሎ ልጅቷ ከወንድሟ ጋር የምትሄድ ሆናለች። ይህ አንድ ገጽ ብቻ አምስት ጊዜ ተሠራ። በማናቸውም ላይ ቂም የለኝም፤ እያንዳንዱ አስተያየት ለብቻው ሲታይ ለሕፃኑ አንባቢ የታሰበ ነበር። ስህተቱ ማን፣ ስንት ጊዜ፣ በየትኛው ደረጃ ላይ አስተያየት እንደሚሰጥ የሚወስን አንድም መስመር በመካከላችን አለመጻፉ ነው፤ ያንን መጻፍ ደግሞ የእኔ ኃላፊነት ነበር።

ሥራው በግንቦት መጨረሻ ተጠናቀቀ፤ ክፍያው በሐምሌ መጣ። የተዋዋልነው 35,700 ብር ሲሆን በባንክ የገባልኝ 24,990 ብር ነበር። በጊዜው ይሠራበት በነበረው የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ድርጅቶች ከ3,000 ብር በላይ ለሆነ አገልግሎት ሲከፍሉ 2 በመቶ ቀድመው ይይዙ ነበር፤ አገልግሎት ሰጪው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ካላቀረበ ግን የሚያዘው 30 በመቶ ነበር። እኔ ይህ መለያ፣ ማለትም ቲን ቁጥር፣ አልነበረኝም፤ ስለዚህ 10,710 ብር ተቆረጠ። በ2 በመቶ የሚያዘው ገንዘብ ዓመታዊ ግብር ሲከፈል ከሚከፈለው ላይ ይቀነስ ነበር፤ እኔ ግን በግብር ከፋይነት ስላልተመዘገብኩ የማቻችልበት መዝገብ አልነበረኝም። የሂሳብ ክፍሉ ሠራተኛ ጉዳዩን በትሕትና አስረዳኝ፤ ሕጉን ከመፈጸም ውጭ ምርጫ አልነበረውም።

ቀኖቹን መቁጠር

ይህን ሁሉ የነገርኳቸው በሰፈራችን ለሚኖሩ፣ ለረጅም ዘመን በእጅ የሱቅ ታፔላ ሲጽፉ ለኖሩ አንድ ጎልማሳ ሠዓሊ ነው። ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው እኚህ ሰው ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም፤ ዲጂታል ኅትመት ሥራቸውን ከወሰደባቸው በኋላም ብሩሻቸውን አልጣሉም። ጨርሼ ስነግራቸው፣ «ስንት ቀን ፈጀብህ?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። «እኔ የሱቅ ግድግዳ ስጽፍ ግድግዳውን ማፋቁንና ኮላ መቀባቱን ለብቻ፣ ፊደሉን ደግሞ በሜትር አስከፍል ነበር። ፊደሉን ብቻ የሚያስከፍል ሰው ግድግዳውን በነጻ ይፍቃል። አንተ ስንት ቀን ግድግዳ እንደፋቅህ ሳታውቅ ነው ዋጋ የጠራኸው።» ቀጥለውም ከዚያ ወዲህ ዋጋ ባቀረብኩ ቁጥር የማስበውን ጥያቄ ጠየቁኝ፦ «ያልሸጥከውንስ ቀን ማን ይከፍልልሃል?»

ቤት ተመልሼ የእያንዳንዱ ፋይል የተቀመጠበትን ቀንና በቴሌግራም የተለዋወጥናቸውን መልእክቶች እያመሳከርኩ ቀኖቹን አወጣሁ። 68 የሥራ ቀን ሆኑ። በእጄ የገባውን 24,990 ብር ለ68 ስናካፍለው በቀን 367 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል፤ ይህም በወር 26 ቀን እየሠራሁ አገኘው ከነበረው ደመወዝ ጋር እኩል ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ተቀጣሪ ሳለሁ ኮምፒውተሩ፣ ኢንተርኔቱና መብራቱ የአሠሪዬ መሆናቸው ነው። በእነዚያ አራት ወራት ለኢንተርኔት፣ ለትራንስፖርት፣ ለስዕል ታብሌቱ ብዕር ጫፎችና መብራት በሌለባቸው ቀናት ጄኔሬተር ባላቸው ካፌዎች ለመቀመጥ ያወጣሁት 11,200 ብር ሲቀነስ ለቀኑ የቀረኝ 203 ብር አይሞላም።

ቀጥዬ የዓመቱን ወጪ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። የቤት ኪራይ 84,000 ብር፣ ምግብና የቤት ወጪ ከዕድር መዋጮ ጋር 114,000 ብር፣ ለእናቴ የምልከው 24,000 ብር፣ ትራንስፖርት 18,000 ብር፣ ስልክና ኢንተርኔት 16,800 ብር፣ ሕክምናና ልብስ 12,000 ብር ነበር። ላፕቶፑንና የስዕል ታብሌቱን በ120,000 ብር ገዝቻቸዋለሁ፤ አራት ዓመት ያገለግሉኛል ብዬ ለዓመቱ 30,000 ብር መደብኩ። ለሶፍትዌር፣ ለጥገናና ለናሙና ኅትመት 15,000 ብር፣ ለንግድ ፈቃድ፣ ለደረሰኝ ማሳተሚያና ለሂሳብ ባለሙያ 12,000 ብር፣ ሥራ ለሚጠፋበት ወቅት መጠባበቂያ 30,000 ብር፣ የሂሳብ ባለሙያው በገመተልኝ መሠረት ለግብር 46,000 ብር ጨመርኩ። ድምሩ 401,800 ብር ሆነ። ለእናቴ የምልከውን በዚህ ሂሳብ ውስጥ ማስገባት ይገባል ወይ ብለው የጠየቁኝ ጓደኞች አሉ። ይገባል። ደመወዝተኛ ሰው ከደመወዙ እናቱን ይጦራል፤ ማንም ደመወዙን ሲያስብ ከዚያ ነጥሎ አያስብም።

የቀኖቹ ሂሳብ ከገንዘቡ ይልቅ አስደነገጠኝ። ከ365 ቀን 52 እሑዶች ሲወጡ 313 ይቀራል። ከእሑድ ውጭ የሚውሉ 12 ያህል የሕዝብ በዓላት አሉ፤ ለሕመም፣ ለለቅሶና ለሠርግ 12 ቀን ያዝኩ፤ በየካ አባዶ መብራት ወይም ኔትወርክ ጠፍቶ ሥራ የሚቆምባቸውን ቀናት ያለፈውን ዓመት አስታውሼ 15 አደረግኋቸው። 274 ቀን ቀረ። ከዚህ ውስጥ ሥራ ፍለጋ፣ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ማስገባት፣ ስብሰባ፣ ክፍያ መከታተልና የግብር ጉዳይ 90 ቀን ይወስዳሉ፤ የደንበኛ መልስ እየጠበቅሁ ወይም ሥራ አጥቼ የማሳልፋቸው ደግሞ 34 ቀን ናቸው። ልሸጣቸው የምችላቸው ቀኖች 150 ብቻ ሆኑ። 401,800 ብር ለ150 ሲካፈል በቀን 2,679 ብር ይመጣል፤ 2,700 ብር ብዬ ያዝኩት።

የወር ወጪን ለ30 ወይም ለ26 ቀን አካፍሎ የቀን ዋጋ የሚያወጣ ባለሙያ ብዙ አይቻለሁ። በእኔ ወጪ ላይ ያ ስሌት ቢሠራ በ26 ቀን አካፋዩ 1,288 ብር ይሰጣል፤ ይህም ከእውነተኛው ከግማሽ በታች ነው። ስሌቱ ትክክል የሚሆነው በዓመት 312 ቀን ያለማቋረጥ ከፋይ ላለው ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ስሙ ተቀጣሪ ነው።

የጎረቤቴ ልጅ መጽሐፍ

በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ቲን ቁጥርና ንግድ ፈቃድ አወጣሁ። በዚያው ወር ለገጣፎ የሚማር የጎረቤቴ ልጅ የቤት ሥራ ይዞ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሳለ በእጁ የያዘውን የአፋን ኦሮሞ የንባብ መጽሐፍ አየሁ። ጀሪካን የያዘችው ልጅና ወንድሟ ነበሩ። ሥዕሎቹ በሙሉ የእኔ ናቸው፤ ጽሑፉ ተተርጉሟል፤ ስሜ ግን በመጽሐፉ ላይ አልነበረም። በሥዕሌ አንድ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲያነብ ማየቴ እውነተኛ ደስታ ነበር፤ ደስታውና ቅሬታው በአንድ ጊዜ መጡ።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን ያነበብኩት በዚያ ሳምንት ነው። ብዙዎቻችን ሥዕሉን የሠራ ሰው ምንጊዜም የመብቱ ባለቤት እንደሆነ እናስባለን። አዋጁ የሚለው ሌላ ነው፤ ሥራው በቅጥር ወይም በትእዛዝ ውል የተሠራ ከሆነ፣ ተዋዋዮቹ በሌላ መንገድ ካልተስማሙ በስተቀር፣ የኢኮኖሚ መብቱ የአሠሪው ወይም የአዛዡ ነው። ማባዛት፣ መተርጎምና ማከፋፈል ከእነዚህ መብቶች ውስጥ ናቸው፤ በመርህ ደረጃም ጥበቃቸው ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይዘልቃል። በእኛ መካከል የነበረው የአንድ ገጽ ደብዳቤ ስለ መብት ምንም ስለማይል ድርጅቱ ሥዕሎቹን በሌላ ቋንቋ ማሳተሙ ሕግ መጣስ አልነበረም። የእኔ ሆኖ የቀረው የሞራል መብቱ፣ ማለትም ሥራው በስሜ እንዲታወቅ የመጠየቅ መብት ነበር፤ እርሱን በደብዳቤ ጠየቅሁ፣ በሚቀጥለው ኅትመት ስሜ እንደሚገባም በጽሑፍ ተረጋገጠልኝ።

ስለዚህ 700 ብር የአንድ ሥዕል ዋጋ ብቻ አልነበረም። ሳላውቀው በየትኛውም ቋንቋ፣ በማንኛውም ብዛት፣ ለዘመናት የመጠቀም መብትን ጨምሬ በ700 ብር ሰጥቻለሁ። ሕጉ መነሻውን ለአዛዡ ባደረገበት አገር የምንሠራ ባለሙያዎች ስለ መብት ዝም ማለታችን በዋጋ ሲተረጎም ሁሉንም መሸጥ መሆኑን ማወቅ አለብን።

ሁለተኛው ድርድር

በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ድርጅቱ ለሌሎች ሦስት መጻሕፍት ጠራኝ። በዚህ ጊዜ ዋጋ በስልክ አልሰጠሁም፤ የታሪኮቹን ጽሑፍ ወስጄ ከሦስት ቀን በኋላ በጽሑፍ አቀረብኩ። በቆጠርኩት መሠረት አንድ መጽሐፍ 15 ቀን፣ ሦስቱ 45 ቀን ይወስዳሉ፤ በ2,700 ሲባዛ 121,500 ብር ነው፣ ተርን ኦቨር ታክሱ (በሽያጭ ላይ የሚታሰበው ግብር) ለብቻው የሚታሰብ ሆኖ። ድርጅቱ ለሥዕል የያዘው በጀት 75,000 ብር ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት ሠራሁ። ስሌቴን በግልጽ ለማሳየት ፈልጌ የቀን ዋጋዬን በማቅረቢያው ላይ ጻፍኩት። በዕድሜ እናቴን የሚያክሉት የፕሮግራም አስተባባሪ ወረቀቱን አይተው፣ «በቀን 2,700 በ26 ቀን ስንት ነው?» አሉና በስልካቸው አሰሉት። «70,200 ብር። ልጄ፣ እኔ በዚህ ሙያ 22 ዓመት ሠርቼ ይህን ደመወዝ አላገኝም።» የሰዓቱንና የቀኑን ሂሳብ ለደንበኛ ማሳየት ውይይቱን ወደ ደመወዝ ንጽጽር ይወስደዋል፤ የእርሳቸው ጡረታ፣ ሕክምናና የዓመት ፈቃድ በዚያ ንጽጽር ውስጥ አይታይም፣ የእኔም ያልተሸጡ 215 ቀኖች አይታዩም። ከዚያ ወዲህ የቀን ዋጋዬ በራሴ ደብተር ውስጥ ይቀራል፤ ለደንበኛው የማቀርበው የሚረከበውን ሥራ፣ የማሻሻያውን ዙር፣ የመብቱን ወሰንና ጠቅላላ ዋጋውን ነው።

ውይይቱን የመለሰው ሌላ ስሌት ነው። እያንዳንዱ መጽሐፍ በ5,000 ቅጂ እንደሚታተም በጥሪው ላይ ተጽፎ ነበር፤ ሦስቱ 15,000 ቅጂ ናቸው። «እትዬ፣ ያቀረብኩት ዋጋ ለአንድ ቅጂ ሲካፈል 8 ብር ከ10 ሳንቲም ነው። ያለፈው ዓመት 2 ብር ከ38 ሳንቲም ነበር። ለማተሚያ ቤቱ ለአንድ ቅጂ ስንት እንደምትከፍሉ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ» አልኳቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ የተነጋገርነው ዋጋውን ስለ መቀነስ መሆኑ ቀርቶ ሥራውን እንዴት ብናሳንሰው በበጀቱ አካባቢ ይሆናል የሚለው ሆነ፤ በእኔ ግምት የጉዳዩ ዋነኛ መታጠፊያ ይህ ነው። ሥራው እንዳለ ሆኖ ዋጋው ብቻ ሲቀንስ ባለሙያው ቀኖቹን በነጻ ይሰጣል፤ ሥራውና ዋጋው አብረው ሲቀንሱ ግን ማንም አይጎዳም።

በመጨረሻ በእያንዳንዱ መጽሐፍ ከ16ቱ የውስጥ ሥዕሎች 10ሩ ሙሉ ገጽ ሆነው እንዲቀሩ፣ 6ቱ ያለ ዳራ የሚሳሉ ትናንሽ ሥዕሎች እንዲሆኑ፣ የሦስቱም ታሪኮች መንደር አንድ ዓይነት እንዲሆን ተስማማን። የሥራው ግምት ወደ 32 ቀን ወረደ፤ ዋጋውም 86,400 ብር ሆነ። ከዚህ ላይ 40 በመቶ ቅድመ ክፍያ ስለፈቀዱልኝ 2,400 ብር ቀነስኩ። 84,000 ብሩ በሦስት ጊዜ እንዲከፈል ተዋዋልን፦ 33,600 ብር ሲፈረም፣ 25,200 ብር ረቂቆቹ በአንድነት በተጠራ የገምጋሚዎች ስብሰባ ሲጸድቁ፣ ቀሪው 25,200 ብር በርክክብ ጊዜ። የማሻሻያው ብዛት ለረቂቅ ሁለት ዙር፣ ለቀለም አንድ ዙር ሆነ፤ ከዚያ በላይ የሚመጣውና ጽሑፉ በመለወጡ ምክንያት የሚመጣው ለውጥ ለብቻው የሚከፈልበት ነው። መብቱን በሚመለከት ድርጅቱ ሥዕሎቹን በአማርኛ ለታተመ መጽሐፍ ለሦስት ዓመት የመጠቀም ፈቃድ አገኘ፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ቋንቋ የዋጋው ሩብ፣ ማለትም 21,000 ብር እንዲከፈል ተጻፈ። ሕፃናት በቋንቋቸው እንዲያነቡ ዕንቅፋት መሆን ስለማልፈልግ በዚህ አንቀጽ ላይ ብዙ ጊዜ አስቤበት ነበር። ሩቡ ለትርጉሙ ኅትመት በጀት የማይከብድ፣ ለእኔም ወደ ስምንት የሚጠጉ ያልተሸጡ ቀኖች የሚሸፍን መጠን ነው።

የተገኘው ውጤት

ሥራው በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ተጠናቀቀ። በዚህ ጊዜ ቀኖቹን በየማታው መዝግቤአለሁ፤ 35 ቀን ተኩል ፈጁ፣ ከግምቴ በሦስት ቀን ተኩል ይበልጣሉ። የአንደኛው ታሪክ ጽሑፍ ከማቅለም በኋላ ተለውጦ ሦስት ቀን ተጨማሪ ሥራ አመጣ። በውሉ መሠረት 8,100 ብር ጠየቅሁ፤ ድርጅቱ ከለውጡ ውስጥ የአንድ ቀኑ በእኔ ስህተት የመጣ መሆኑን አሳየኝ፣ ትክክል ነበሩ፤ 5,400 ብር ተከፈለኝ። በድምሩ 89,400 ብር ለ35 ቀን ተኩል ሲካፈል በቀን 2,518 ብር ይሆናል። ከያዝኩት 2,700 ብር በታች ነው፤ የመጠባበቂያውን መስመር ትንሽ ነካ፣ ኪራዩንና ግብሩን ግን አልነካም። የተያዘብኝ ግብር 2 በመቶ ብቻ ስለነበር በዓመቱ መጨረሻ አቻቻልኩት። በሰኔ ወር መጻሕፍቱ ወደ ሲዳምኛ እንዲመለሱ ሲወሰን 21,000 ብሩ ያለ አንዳች ክርክር ተከፈለ።

ከዚህ ጉዳይ ውስጥ እስካሁን በልቤ ያላረፈው ነገር ሌሎች ባለሙያዎችን ይመለከታል። ድርጅቱ እኔ ያቀረብኩትን ዋጋ ከመቀበሉ በፊት ሌሎች ሁለት ፕሮፎርማዎች ሰብስቦ ነበር፤ አንዱ ለ51ዱም ሥዕሎች 30,600 ብር ይላል፣ ለአንዱ 600 ብር ማለት ነው። ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ምናልባትም ከሁለት ዓመት በፊት እኔ የነበርኩበት ቦታ ላይ ያለ ወጣት ነው። እርሱን በርካሽነት መውቀስ ትክክል አይመስለኝም፤ 600 የሚለውን ቁጥር የሰጠነው እኛ ነን። በዚህ ምክንያት በአካባቢያችን የምንገኝ ስምንት ሠዓሊዎችና ዲዛይነሮች በወር አንድ ጊዜ ካራ አካባቢ ባለ አንድ ሻይ ቤት ተገናኝተን ያቀረብነውን ዋጋ፣ የተከፈለንን ገንዘብና የፈጀብንን ቀን እንነጋገራለን። ሁላችንም አንድ ዋጋ እንጥራ አላልንም፤ የሁላችንም ወጪና ፍጥነት የተለያየ ነው። የየራሳችንን 150 ቀን ግን እያንዳንዳችን ቆጥረናል፤ አንዷ ባልደረባችን ሕፃን ልጅ ስላላት የእርሷ 110 ሆኖ ተገኝቷል።

የምንዛሪው ለውጥ

በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከአንድ ቀን በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በዚያው ቀን ከ74 ብር አለፈ፣ በቀጣዮቹ ሳምንታትም ከ100 ብር በላይ ሆነ። በዚያን ጊዜ ለሌላ ደንበኛ ሥዕሉን ከናሙና ኅትመት ጋር አንድ ላይ ያቀረብኩበት ፕሮፎርማ በእጁ ነበር። ዋጋው የሚጸናበትን ጊዜ 15 ቀን ብዬ ስለጻፍኩና ጊዜው ስላለፈ አዲስ ዋጋ ማቅረብ ቻልኩ፤ ማተሚያ ቤቱ በወረቀት ዋጋ ምክንያት የቀድሞውን ሒሳብ ፈጽሞ አይቀበልም ነበር። ያ አንድ መስመር ባይኖር የወረቀቱን ልዩነት ከኪሴ እከፍል ነበር።

የዓመቱን ወረቀት በመስከረም 2017 ዓ.ም. እንደገና ሠራሁት። ላፕቶፑንና ታብሌቱን ዛሬ ለመተካት 210,000 ብር እንደሚያስፈልግ ተነገረኝ፤ ስለዚህ በዓመት የምይዘው ከ30,000 ወደ 52,500 ብር ወጣ። ይህን ያደረግኩት የገዛሁበትን ዋጋ ሳይሆን የምተካበትን ዋጋ በመያዝ ነው፤ በሚለዋወጥ ምንዛሪ ውስጥ የድሮውን ዋጋ ይዞ የሚሰላ ሰው ኮምፒውተሩ ሲያረጅ ሌላ መግዣ አይኖረውም። ኪራዩ 9,000 ብር ሆነ፤ የምግቡ ወጪ በወር 2,000 ብር ጨመረ። ድምሩ 472,300 ብር፣ የቀኑ ዋጋ ደግሞ 3,150 ብር አካባቢ ደረሰ።

አሁን ድርጅቱ የስድስቱንም መጻሕፍት ሥዕሎች በስልክ በሚነበብ መተግበሪያ ላይ ለማዋል ጠይቋል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት መጻሕፍት መብት የእርሱ ስለሆነ ስለ እነርሱ የምጠይቀው ስሜ እንዲጻፍ ብቻ ነው። የኋለኞቹ ሦስት ፈቃድ ለታተመ መጽሐፍ የተሰጠ በመሆኑ ለመተግበሪያው አዲስ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እንደ አንድ ተጨማሪ ቋንቋ ቆጥሬ 21,000 ብር አቅርቤአለሁ። አስተባባሪዋ ሥዕሎቹ በስልክ ስክሪን ልክ መስተካከላቸው በዋጋው ውስጥ ተካቶ እንደሆነ ጠይቀውኛል። አልተካተተም፤ 48 ትናንሽና ትላልቅ የውስጥ ሥዕሎችንና ሦስት ሽፋኖችን አንድ በአንድ መቁረጥና ማስተካከል አራት ቀን ይወስዳል፣ ይህንንም ለብቻው ጽፌ ልኬላቸዋለሁ።